የተረሳው ቍጥርና ቍጥር የማይገባበት

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ሐይቅ ከተማን ያገኛል። ከተማይቱ በመኪናው ጐዳና ግራና ቀኝ ተዘርግታ የምትኖር ስለ ሆነች፥ ርዝመቷን እንጂ ጐኗን የሚያስተውል መንገደኛ ጥቂት ነው። ሱቁም ሻይ ቤቱም ፊቱን ወደ ጐዳናው አዙሯል፤ ውሃ የሚቀዳበት፥ እህል ወደ ወፍጮ የሚወሰድበት፥ ልቅሶ የሚደረስበት መንገድ ግን ከቤቶቹ ጀርባ በጓሮ በኩል ያልፋል። አንድ ሰው ይህችን ከተማ በወረቀት ላይ ሊሥላት ቢነሣ አስቀድሞ የሚሥለው የትኛውን መንገድ ነው? አስፋልቱን ወይስ የጓሮውን? ይህ ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት የመሐንዲስ ጥያቄ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን የኅሊና ጥያቄ ሆኖ ይገኛል፤ በወረቀት ላይ ያልተሣለ መንገድ ኋላ አጥር የሚታጠርበትና ቤት የሚሠራበት ባዶ ቦታ ሆኖ ይቈጠራልና።

በዛሬው ዘመን የከተማ ንድፍ በእጅና በማስመሪያ ብቻ የሚሠራ መሆኑ ቀርቷል። አርክቴክት የሚባለው የሕንፃ ጥበብ ባለሙያ አንድ ንድፍ ሥሎ በመነሣት ፈንታ አስቀድሞ ደንብ ይጽፋል። መንገዱ ከዚህ ያህል እንዳይጠብ፥ ቤቱ የጐረቤቱን ፀሓይ እንዳይከለክል፥ ከየቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው ርምጃ ከዚህ ቍጥር እንዳያልፍ ብሎ ለኮምፒዩተር ይነግረዋል። ኮምፒዩተሩም ደንቡ የሚፈቅደውን ንድፍ፥ መቶም ቢሆን ሺህም ቢሆን፥ በጥቂት ጊዜ እያወጣ ያቀርብለታል፤ በያንዳንዱም ንድፍ ጥላው ስንት ሰዓት እንደሚቈይ፥ ነፋሱ በየት እንደሚገባ፥ ሰው ስንት ርምጃ እንደሚሄድ ቍጥሩን ጽፎ ያሳየዋል። ባለሙያውም ከነዚያ መካከል ይመርጣል። ይህን የስሌት ሥርዐት የዘመኑ ሰዎች ስልተ ቀመር ይሉታል።

በቅኔ ቤት ላደገ ሰው ይህ ነገር እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት፥ ዋዜማ በአምስት ቤት፥ መወድስ በስምንት ቤት እንዲቆም ደንብ አለው፤ ተማሪውም ደንቡን ከያዘ በኋላ ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ ያድራል። ይህንም የማሰብ ሥራ አባቶቻችን «ቅኔ መቍጠር» ብለው መሰየማቸው በከንቱ አይደለም። ተማሪው በማግሥቱ ለመምህሩ ሲነግር፥ ዜማው ሳይሰበር ቤቱም ሳይጐድል፥ መምህሩ «ይህ ቅኔ አልሆነም» ብሎ ይመልሰዋል። ምን ጐደለው ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አንድ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ሰሙ አለ ወርቁ የለም፤ አንዳንድ ጊዜም ወርቁ አለ፥ ነገር ግን ለማን እንደ ተነገረ አይታወቅም። ስለዚህ ደንብ የፈቀደው ሁሉ መልካም እንዳልሆነ፥ ደንብ ከሌለም መልካሙ እንደማይገኝ፥ እኛ ከጥንት ጀምሮ እናውቃለን። የአርክቴክቱን ኮምፒዩተር የሚንቅ የቅኔ መምህር ቢኖር የራሱን ቤት የረሳ ነው። እኔም ረስቼ ነበርና በስፍራው እናገረዋለሁ።

አስቀድሜ ግን ቍጥር ያስገኘውን ጥቅም ልናገር። ቢል ሂልየር የተባለ የለንደን ሊቅ ከጁልየን ሃንሰን ጋር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1984 ስለ ቦታ አሠራርና ስለ ሰው ማኅበራዊ ኑሮ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የትምህርቱም ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የከተማ ሰው በየት በኩል እንደሚሄድ የሚያመለክተው የመንገዱ ስፋትና ማማር ብቻ ሳይሆን፥ ያ መንገድ ከሌሎች መንገዶች ሁሉ ጋር ያለው መገናኘት ነው፤ መገናኘቱም ሊቈጠር ይችላል። የትራፋልጋር አደባባይ በለንደን መካከል ያለ የታወቀ ስፍራ ነው። ነገር ግን ዙሪያውን መኪና ይከበው ስለ ነበረ፥ የሂልየር ባልደረቦች እግረኛውን ቢቈጥሩ የከተማው ነዋሪ መካከሉን ትቶ በዳር በዳር እንደሚዞር አገኙ። ኖርማን ፎስተር የተባለው አርክቴክት ይህን ይዞ በሰሜን በኩል የነበረውን የመኪና መንገድ አስዘጋና ከብሔራዊው የሥዕል ቤት ወደ አደባባዩ የሚያወርድ ሰፊ ደረጃ በመካከል አኖረ፤ ሥራውም በ2003 ተፈጽሞ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሰው በመካከሉ ያልፋል፥ በደረጃውም ላይ ይቀመጣል። ያን የሚያህል ታላቅ አደባባይ ብዙ ዘመን ሰው እየሸሸው ኖሮ፥ መድኀኒቱ የተገኘው የሰውን እግር በትዕግሥት በመቍጠር ነው።

በአገራችንም ዋና ከተማ ምሳሌ አለ። ዣቪየር ቪላልታ የሚባል የባርሴሎና አርክቴክት በአዲስ አበባ በልደታ የገበያ ሕንፃ እንዲነድፍ ተጠየቀ። በዚያን ጊዜ የከተማይቱ አዲስ ሕንፃ ሁሉ መስታወት ለብሶ መታየትን እንደ ክብር ይቈጥረው ነበር። መስታወት በእንዲህ ያለ ፀሓይ ውስጡን እንደ ምጣድ ያግለዋል፤ ከዚያም ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል፤ ለማቀዝቀዣውም ኤሌክትሪክ። ቪላልታ መስታወቱን ትቶ ሕንፃውን ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው የሲሚንቶ ግድግዳ ሸፈነው። የቀዳዳዎቹንም አቀማመጥ ከአገራችን የጥበብ ልብስ ጌጥ ወስዶ፥ ትንሹ ቅርጽ በትልቁ ቅርጽ ውስጥ እየተደጋገመ በሚበዛበት፥ ፍራክታል በሚባለው የስሌት ደንብ አበዛው። በቀዳዳዎቹም ብርሃንና ነፋስ ይገባሉ። ይህ ደንብ ለኛ ዐይን የቈየ ነው፤ በመጾር መስቀሎቻችን ላይ ከትልቁ መስቀል ክንድ ትንሽ መስቀል፥ ከትንሹም ሌላ ያነሰ ሲበቅል እናያለን። ሮን ኤግላሽ የተባለ አሜሪካዊ በ1999 ስለ አፍሪካ ፍራክታል ባሳተመው መጽሐፍ የኢትዮጵያን መስቀል ከምሳሌዎቹ አንዱ አድርጎታል። ሸማኔውና አንጥረኛው ግን ይህን ስሌት ሲሠሩ ስሙን የጠየቃቸው አልነበረም።

ደግሞም በጀርመን አገር በዋይማር ያለው የባውሃውስ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ትምህርት መምህራን ጋር ሆነው፥ በፍጥነት ለሚያድጉት የኢትዮጵያ ከተሞች ንድፍ በኮምፒዩተር እንዴት እንደሚወጣ መርምረዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የእጅ ንድፍ ተሠርቶ እስኪጸድቅ ድረስ ከተማው ሌላ ከተማ ሆኖ ይቈያል፤ ይህንም ሐይቅንና ውጫሌን በ20 ዓመት ልዩነት ያየ ሰው ይመሰክራል።

የቍጥር ነገር የውበትና የምቾት ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ወደ መካ ይመልከት፤ ከወሎ እስላም ወገኖቻችን ብዙዎች የሚሳለሙት ስፍራ ነውና ለኛ ሩቅ አይደለም። በ2006 በጥር ወር በሚና በጀመራት ድልድይ ላይ ተሳላሚው ተጨናንቆ 346 ሰዎች እንደ ሞቱ ተነገረ። ከዚያ በኋላ አሮጌው ድልድይ ፈርሶ፥ የሕዝቡ ፍሰት በስሌት ተመርምሮ፥ መግቢያውና መውጫው የተለየ፥ ደርብ በደርብ የሆነ አዲስ ድልድይ ተሠራ። መልካም ሥራ ነው፤ ብዙ ነፍስም አድኗል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በ2015 በመስከረም ወር እንደ ገና መጨናነቅ ሆነ፤ ይህም በድልድዩ ላይ ሳይሆን ወደ ድልድዩ በሚወስዱ ጐዳናዎች መጋጠሚያ ላይ ነበረ። የሳዑዲ መንግሥት የሞቱት 769 ናቸው አለ፤ የየአገሩ መንግሥታት የየራሳቸውን ሙታን ቈጥረው ሲያስታውቁ ድምሩ ከ2000 በላይ ሆነ። ቈጣሪ ስሌቱን የሚጀምርበትና የሚጨርስበት ወሰን አለው፤ በእግሩ የሚሄደው ሰው ግን ያን ወሰን አያየውም።

ይህን ሳስብ ዘወትር በፊቴ የሚቆመው የግሸን በር ነው። በአምባሰል ያለችው ግሸን ማርያም፥ ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ናት ተብላ የምትታመነው፥ አምባዋም ራሱ በመስቀል አምሳል የተዘረጋው፥ መስከረም 21 ቀን ስንት ሕዝብ እንደሚወጣባት ሁሉ ያውቃል። ለብዙ ዘመን የነገሥታት ልጆች ይጠበቁባት ስለ ነበረ መውጫዋ የሰው ብዛት ይግባባት ተብሎ የተመረጠ አይደለም፤ ሰው እንዳይወጣባት ተብሎ የተመረጠ ነው። ጥቂት ዘበኛ የሚጠብቀው ጠባብ በር ለእስረኛ ይመቻል፤ ለበዓል ግን ያስፈራል። በዚያ በር በአንድ ሰዓት ስንት ሰው እንደሚያልፍ፥ ሽማግሌና ሕፃን ያዘለች ሴት የት ላይ እንደሚቆሙ፥ ወራጁ ከወጪው ጋር የት ላይ እንደሚጋጠም አንድ አስተዋይ አርክቴክት ቢቈጥረው ክብረ በዓሉን ምን ይነካዋል? «የእግዚአብሔር እንግዳ አይቈጠርም» የሚለኝ ቢኖር፥ እንግዳን የሚቀበል ባለቤት እንጀራውን ቈጥሮ እንደሚጋግር አስታውሰዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ራሴ ስሕተት ልምጣ። ቀድሞ ከኔ ዘንድ ቅኔ የተማረ ሰው ልጅ የሕንፃ ትምህርት ተምሮ፥ ለመመረቂያው የሚሆን ጥናት ሊሠራ ወደ ሐይቅ መጣ። ከከተማችን ሠፈሮች ባንዱ የእግረኛ መንገድ፥ ጥላና የውሃ ቦኖ የት የት ቢሆን እንደሚሻል ሊነድፍ ነበር። ስልክ ያላቸው ፈቃደኞችን ለምኖ፥ አካሄዳቸው በስልካቸው ሁለት ሳምንት እንዲመዘገብ አድርጎ፥ ያንን ሰብስቦ ለኮምፒዩተሩ ሰጠው። ኮምፒዩተሩንም በመደቤ ላይ አኑሮ አሳየኝ። የሰው አካሄድ እንደ ደም ሥር በቀይ መስመር ተሥሎ ይታያል፤ የሚበዛበት ይወፍራል፥ የሚያንስበት ይቀጥናል። ወፍራሙ ሁሉ በአስፋልቱ ዳር ነበረ። ስለዚህ ስሌቱ ቦኖው በአስፋልቱ አጠገብ ይሁን ብሎ መረጠ።

እኔና ሌሎች ሽማግሌዎች ይህን አልወደድነውም። እኛ የመረጥነው ከጥንት ጀምሮ የሠፈሩ ሰው የሚሰበሰብበትን፥ ነገር የሚቈረጥበትን የዋርካውን ጥላ ነበር። ልጁ ቍጥሩን ሊያስረዳኝ ቢጀምር፥ «ልጄ፥ የሰው ነገር በቍጥር አይገኝም» አልሁት። ይህን ቃል በተናገርሁ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም ጥበብ የተናገርሁ መሰለኝ። ልጁ «እሺ የኔታ» ብሎ ዝም አለ።

ያን ጊዜ ጐረቤቴ፥ ሁለት ጀሪካን ውሃ በጀርባዋ ያዘለች አንዲት ሴት፥ በጓሮዬ አጥር በኩል ታልፍ ነበርና ንግግራችንን ሰምታ ቆመች። «አባ፥ እናንተ ከዋርካው ሥር የመረጣችሁት ለመቀመጫ ነው፤ እኔ ግን የምመጣው ለመቅዳት ነው። እናንተ በተሰበሰባችሁበት ፊት ጐንበስ ብዬ ማለፉ አንድ ነገር፥ አቀበቱ ሌላ ነገር። አቀበቱን ማን ይቈጥርልኛል?» አለች። ለልጁም «አንተስ የኔን እግር በምን አየኸው? ስልክ የለኝ» አለችው። ጀሪካኑንም ሳታወርድ ሄደች፤ አውርዶ እንደ ገና ለማዘል የሚረዳ ሰው ያስፈልጋልና።

ልጁ ተቈጣ ወይም አፈረ ብዬ ተመለከትሁት፤ እርሱ ግን ኮምፒዩተሩን ከድኖ ተነሣና ተከተላት። በማግሥቱ ከገበያ ሽምብራ ገዝቶ መጣ። የጓሮው መንገድ በሚለያይባቸው ሦስት ስፍራዎች ላይ ቆርቆሮ አንጠልጥሎ፥ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ባለፈ ቍጥር አንዲት ሽምብራ ከከረጢቱ አንሥቶ በቆርቆሮው ውስጥ እንዲጥል ለመነ። አንዱ ቆርቆሮ የተንጠለጠለው ከኔው አጥር ላይ ነበረ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ልጆች ሽምብራውን በልተውት ቈጠራው ከሸፈ፤ ከዚያ ወዲያ ጥሬውን ትቶ ያረጀና ነቀዝ የበላው ሽምብራ አመጣ። ሳምንቱ ሲፈጸም ቢቈጥረው በአስፋልቱ ዳር ከታየው መመላለስ የጓሮው በለጠ። ከሚያልፉትም የሚበዙት ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ፤ ጊዜውም ጎሕ ሲቀድና ፀሓይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ይኸውም ሽማግሌዎች ከዋርካው ሥር የማንቀመጥበት ጊዜ ነው። እኔ በዚያ ቤት ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ፤ ከአጥሬ ጀርባ ያን የሚያህል ሕዝብ እንደሚያልፍ አላወቅሁም ነበር።

ልጁ አዲሱን ቍጥር ለኮምፒዩተሩ ሰጠው፤ አቀበቱንም በሸክም ልክ እንዲያከብደው ደንቡን ለወጠ። ስሌቱ አሁን ቦኖውን ከወፍጮ ቤቱ በታች ከመንገዱ መለያያ አኖረው። ማሽኑ ያው ነው፥ ስልተ ቀመሩም ከጥቂቱ በቀር ያው ነው። ስልኩ ያችን ሴት አላያትም፤ እኛ ሽማግሌዎችም አላየናትም። አዲሱ ጥበብና አሮጌው ጥበብ በብዙ ነገር ሲጣሉ ኖረው አንዲት ሴትን በመርሳት ተስማምተው ተገኙ።

ከዚህ በኋላ «የሰው ነገር በቍጥር አይገኝም» የሚለውን ቃሌን መመርመር ጀመርሁ። ይህ ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን በዚያን ቀን የተናገርሁት ለእውነቱ ብዬ አልነበረም። ያልተቈጠረውን የማይቈጠር ብዬ ጠራሁት፤ እንዲህም በማለቴ ከመቍጠር ድካም ዐረፍሁ። የሴቲቱ ርምጃ ሊቈጠር ይችል ነበር፥ ሽምብራ ብቻ ይበቃው ነበርና። ረቂቅ ነገር የምንወድ ሰዎች በዚህ ፈተና እንወድቃለን፤ ምስጢር ብለን የከደንነው ነገር ሲገለጥ አንዳንድ ጊዜ ስንፍና ሆኖ ይገኛል።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ በፒያሳና በሌሎችም ሠፈሮች አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። ስለዚህ ነገር ሰው ሁሉ በሁለት ወገን ተከፍሎ ይናገራል። አንዱ የእግረኛ መንገዱን ስፋትና የመብራቱን ብዛት ይቈጥራል፤ ሁለተኛው «የሠፈር ፍቅር በገንዘብ አይተመንም» ብሎ ያዝናል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልጣላም፤ በጠባብ የቀበሌ ቤት ውስጥ መጸዳጃ ለብዙ ሰው አንድ ሆኖ የኖረ ሰው የተሻለ ቤት ቢያገኝ ደስታው እውነት ነው፤ ለርሱም ቍጥር አለው። ነገር ግን የሠፈር ፍቅር የምንለው ነገር ሁሉ ከስሌት በላይ ነውን? እድርን እንውሰድ። አንድ ሰው በሌሊት ቢሞት ድንኳኑ እስኪተከል ድረስ በእግራቸው ሊደርሱ የሚችሉ የእድሩ አባሎች ስንት ናቸው? ይህ ግልጽ ቍጥር ነው። ከመዛወሩ በፊት ስንት እንደ ነበረ፥ ከተዛወረ በኋላ ስንት እንደ ሆነ ሊጻፍ ይችላል፤ የንድፍ ደንብም ሊሆን ይችላል፤ «አንድ እድር ሲዛወር አባሎቹ ከዚህ ርምጃ በላይ አይራራቁ» ተብሎ። እኔ ግን በየትኛውም የከተማ ንድፍ ላይ ይህ ቍጥር ተጽፎ አላየሁም። የመኪና ማቆሚያው ቍጥር ተጽፎ አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ቍጥር የማይገባበት ነገር የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ እርሱንም ለመለየት እንደ ገና ወደ ግሸን እወጣለሁ። ስልተ ቀመር በጠባዩ ርምጃን ሁሉ እንደ ወጪ ይቈጥራል፤ ያጠረ መንገድ ይሻላል፥ የረዘመ ይከፋል፤ ሜዳው ትርፍ ነው፥ አቀበቱ ኪሳራ ነው። ወደ ግሸን በእግሩ የሚወጣው ሰው ግን አቀበቱን የሚፈልገው ስለ ድካሙ ነው። ከሩቅ አገር ተነሥቶ ተራራው ሥር ሲደርስ «እሰይ፥ አጠረልህ» ብለው በአየር ቢያወጡት፥ የመጣበትን ነገር ወሰዱበት እንጂ አልሰጡትም። ለርሱ ምን ዓይነት ቍጥር ይጻፍ? አንድ ሺህ ርምጃ ኪሳራ ወይስ አንድ ሺህ ርምጃ ትርፍ? ልቅሶ ለመድረስ የሚሄድ ሰውም እንዲሁ ነው፤ በአቋራጩ ትቶ በዘመዱ ቤት በኩል ይዞራል፥ ብቻውን ገብቶ እንዳያለቅስ። ያ መጠማዘዝ በስሌቱ ላይ ጉድለት ሆኖ ይታያል።

እዚህ ላይ ግን ትልቅ አደጋ አለና ልብ ይሏል። ድካም የተባረከ ነው ብሎ መናገር ለማይደክም ሰው ቀላል ነው። ጀሪካን ያዘለችው ሴት የምትወጣው አቀበትና ተሳላሚው የሚወጣው አቀበት በኮምፒዩተሩ ዘንድ አንድ ቍጥር ነው፤ ስፍሩም ርምጃውም ላቡም ሊተካከል ይችላል። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱ መርጦታል፥ እርስዋ አልመረጠችውም። ይህም ልዩነት በመንገዱ ላይ ተጽፎ አይገኝም፤ በስልክም በሽምብራም አይታይም። የሚታወቀው ሄያጁን አስቁሞ በመጠየቅ ነው። ስለዚህ አርክቴክቱ ወደ ስሌቱ ከመግባቱ በፊት፥ ከስሌቱም ከወጣ በኋላ፥ ይህ ድካም የማን ምርጫ ነው ብሎ መጠየቅ ዕዳው ነው። ያልተመረጠውን ድካም ሳይቈጥር ቢያልፍ በድሏል፤ የተመረጠውን ድካም ቈጥሮ ቢያስወግደውም በድሏል። ኮምፒዩተሩ ከሁለቱ አንዱን በደል ብቻ ሊያሳየው ይችላል።

ከነዚህ ሁለት በደሎች የሚከፋው የትኛው ነው የሚል ተከራካሪ ቢመጣ፥ እኔ ሳልጠራጠር የፊተኛው ነው እላለሁ። ተሳላሚ መንገዱ ቢያጥርበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ መነኵሴም ዓለም ቢቀርበው ይርቃል፤ በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማረባት የሐይቅ እስጢፋኖስ ደሴት ዛሬ ከየብስ ጋር ተገናኝታ በእግር ይገባባታል፥ ጸሎቱ ግን ስለዚህ አልተቋረጠም። ውሃ ቀጂዋ ሴት ግን መንገዱ ቢረዝምባት ሌላ መንገድ የላትም፤ ጊዜዋን ከእንቅልፏ፥ ወይም ከልጅዋ ትምህርት ትወስደዋለች። የሚያመልጥበት ያለው ሰውና የሚያመልጥበት የሌለው ሰው በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ልጁ ጥናቱን ፈጽሞ ሊሄድ ሲል ሊሰናበተኝ መጣና ንድፉን አሳየኝ። ከከተማው ወደ ሐይቁ የሚወርደው የእግር መንገድ እንደ ድሮው ጠማማ ሆኖ ተሥሏል። «ይህንስ አቋራጭ አላገኘህለትም?» አልሁት፥ ልፈትነው ብዬ። «አግኝቼ ነበር የኔታ፤ የሚሄዱበትን ብጠይቃቸው ግን ተዉልን አሉኝ» አለኝ። ምክንያቱን ጠይቀሃቸዋልን ብለው፥ ከጠየቃቸው ሰዎች ከፊሉ ምክንያት እንዳልሰጡት ነገረኝ። በዚያ ስፍራ በንድፉ ላይ ምንም ቍጥር አልጻፈም፤ ባዶውን ትቶታል። እኔም ይህን አይቼ ያባቱን መጀመሪያ ቅኔ የሰማሁበት ቀን ትዝ አለኝ፤ አባቱ ከሁለቱ ቤት አንዱን ብቻ ይዞ መጥቶ «ሁለተኛው አልመጣልኝም፥ የማይሆን ከማስገባ ብዬ ነው» ብሎኝ ነበር።

ቦኖው እስከ ዛሬ አልቆመም። ንድፉ በወረቀት አለ፤ የሚቆምበትንም ቀን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ሁለቱን ቆርቆሮዎች ልጁ አውርዶ ወስዷቸዋል፤ የኔ አጥር ላይ ያለው ግን ተረስቶ ቀረ። ጐረቤቴ እስከ አሁን ባለፈች ቍጥር ከመቀነቷ አንዲት ሽምብራ ፈትታ ትጥልበታለች፤ ድምፁን ከመደቤ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አውርጄ ብቈጥረው 31 ነበረ።